ሐይቅ በስንት ቁልፍ ይጻፋል? ከብራና እስከ ኪቦርድ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ሰላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ስሟ አንድ ነው። አጻጻፏ ግን አንድ አይደለም። አንዱ ደብዳቤ ሐይቅ ይላታል፣ ሌላው ሃይቅ፣ ሦስተኛው ሀይቅ። ጠንቀቅ ያላለ ደግሞ ኃይቅ ብሎ ያልፋል። የሚያነበው ሰው አንዱንም አይሳሳትም። ሁሉንም ያው ሐይቅ ብሎ ያነባል፣ ሐይቁም ያው ሐይቅ ነው።

ኮምፒዩተር ግን እንደ ሰው አያነብም። ለእሱ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ነው። ሀ ማለት 4608፣ ሃ ማለት 4611፣ ሐ ማለት 4624፣ ሓ ማለት 4627፣ ኀ ማለት 4736፣ ኃ ማለት 4739። ስለዚህ በእሱ ዓይን ሐይቅ የሚባል አንድ ከተማ የለም፤ የማይተዋወቁ ስድስት ከተሞች አሉ። መዝገቡ ውስጥ በ4624 የገባን ሰው በ4611 የፈለገው ጸሐፊ "የለም" የሚል መልስ ያገኛል። ባለጉዳዩም "ስምህ አልተገኘም፣ ነገ ተመለስ" ይባላል።

ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስለ ፊደል በሚደረግ ክርክር ነው። "ትርፍ ፊደላት ይቀነሱ" የሚለውና "የአባቶቻችን ፊደል አይነካ" የሚለው ወገን ይፋጠጣሉ፣ ክርክሩ ይሞቃል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል። ከሁለቱ ወገን ግን እምብዛም የማይነሳ ሦስተኛ ተጠያቂ አለ። እሱም ጣታችን ስር ያለው ኪቦርድና ከኪቦርዱ የሚመጣውን መልእክት ተቀብሎ ፊደል የሚያደርገው ሶፍትዌር ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው ሐይቅን በየትኛው "ሐ" እንደሚጽፍ የሚወስነው ሰዋስው ሳይሆን የቁልፍ አቀማመጥ ነው። እዚህ ላይ እንዴት እንደተደረሰ ለማየት ደግሞ ከሐይቅ ከራሱ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

ምክንያቱም ሐይቅ የመጻሕፍት አገር ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ፣ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ትምህርታቸውን ጨርሰው መጥተው እ.ኤ.አ. በ1248 አካባቢ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳሙን ሲያቋቁሙ፣ ካቋቋሙት ነገር ሁሉ ጎልቶ የወጣው የጽሕፈት ሥራው ነበር። ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ጀምሮ ብዙዎች ከዚያ ተምረው ወጥተዋል። በስማቸው የሚጠራው ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈ ሲሆን፣ ዘመናቸው በእርግጠኝነት ከሚታወቅ የግዕዝ የብራና መጻሕፍት መካከል ከቀደሙት ተርታ ይመደባል። የራሳቸው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕልም በውስጡ ይገኛል። ይህ መጽሐፍ በ1960ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) በተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ተነስቶ 1832 የሚል ቁጥር ተሰጥቶታል። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራትም የሐይቅን አበምኔቶች ታሪክ የጻፉት እንዲህ ባሉ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የሰፈሩ ማስታወሻዎችን ለቅመው ነው።

ቁም ጸሐፊ የቁልፍ ችግር አልነበረበትም። መቃ ብርዕ፣ ጥቁር ቀለም፣ ለቅዱሳን ስም ደግሞ ቀይ ቀለም ይበቃዋል። ከ33 የፊደል ቤቶች አንዱን በሰባት ዓይነት መጻፍ ለእጁ ከሌላው ፊደል የበለጠ ድካም የለውም። ሐ ከሀ አይከብድም። ሥ ከስ አይርቅም። ስለዚህ ጸሐፊው ስህተት ቢሠራ እንኳ ስህተቱ የእውቀት እንጂ የስንፍና አይደለም፤ የተሳሳተውንም ፍቆ ያርመዋል። ከሐይቅ በስተ ሰሜን በአምባሰል፣ በግሸን ደብረ ከርቤ፣ መጽሐፈ ጤፉት የሚባለው መጽሐፍ ይገኛል። ስሙን ያገኘው ፊደሉ እንደ ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ነው ይባላል። ያን የሚያህል ልፋት ወርዶ በደቃቅ ፊደል ሲጽፍ እንኳ የግዕዝ ጸሐፊ ፊደል ለመቀነስ አላሰበም፤ ቦታ ቢጠበው ፊደሉን አሳነሰ እንጂ።

አምባሰል ለዚህ ታሪክ የምታበረክተው ሌላም ነገር አላት። በውጫሌ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣሊያው ተወካይ አንቶኔሊ ውል ተፈራረሙ። የ17ኛው አንቀጽ ታሪክ በትምህርት ቤት ያላነበበው የለም። በአማርኛው ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ "ይቻላቸዋል" ነበር፤ በጣሊያንኛው ግን ነገሩ ግዴታ ሆነ። በአንድ ግስ የተነሳ የተፈጠረው ክፍተት እስከ ዓድዋ ድረስ ተጓዘ። ይህ የኪቦርድ ታሪክ አይደለም፤ ሁለቱም ጽሑፎች በእጅ የተጻፉ ናቸው። ነገር ግን አንዱ ወገን ያስገባውና ሌላው ወገን የተቀበለው ጽሑፍ አንድ ካልሆነ ምን እንደሚከተል የዚህ አካባቢ ሰው ከማንም ቀድሞ ያውቃል።

ማሽኑ በግዕዝ ፊደል ላይ የመጀመሪያውን ጥያቄ ያነሳው ከኢትዮጵያ ውጭ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ሮም ውስጥ የኢትዮጵያ መነኮሳት ሲያዜሙ ሰምቶ ቋንቋውን ከእነሱ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። ቋንቋው ከለዳዊ መስሎት ነበር፣ ያም ሆኖ ፊደሉን አላዛባም። (መነኮሳቱ የነበሩበት ቤተ ክርስቲያንም እንደ ሐይቁ በእስጢፋኖስ ስም የሚጠራ ነው።) በኅትመት ቤት ችግሩ የብዛት ነበር። የላቲን ፊደል ለቃሚ ከመቶ ያነሰ ሳጥን ፊቱ ሲደረድር፣ የግዕዝ ፊደል ለቃሚ ከሁለት መቶ በላይ ሳጥን ያስፈልገዋል። ይህ ድካም ነው፤ ግን የማይቻል አይደለም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ለአሥርት ዓመታት በዚሁ መንገድ ጋዜጣና መጽሐፍ አውጥቷል። ለቃሚው ሳጥኑን ካወቀ፣ ሐ ያለበትም ሀ ያለበትም እጁ እኩል ይደርሳል።

የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ነው ነገሩ የከረረው። መኪናው አርባ አራት ወይም አርባ ስድስት ያህል ቁልፍ አለው። በእያንዳንዱ ሁለት ምልክት ቢቀመጥ ከዘጠና ብዙም አይበልጥም። 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ገና አልተቆጠሩም። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት ይህን ችግር ይዘው ተነሱ። የደረሱበት መፍትሔ ብልህ ነበር፦ ፊደሉን ግንድና ቅጥያ አድርጎ መለየት። ግንዱ አንድ ጊዜ ይመታል፣ እግሩ ወይም ክንዱ በሌላ ቁልፍ ይቀጠላል። ኋላም እንደ ኦሊቬቲ ያሉ ፋብሪካዎች የአማርኛ መኪና ሠሩ፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሁሉ በእነሱ መጻፍ ጀመረ።

የዚያን ዘመን ደብዳቤ ያየ ሰው ፊደሉን አይረሳውም። ቅጥያው ከግንዱ ትንሽ ይርቃል፣ አንዳንዱ ይንጠለጠላል፣ አንዳንዱ ይደራረባል። ኋላ የኮምፒዩተር ሰዎች "ይህ የግዕዝ ፊደል አይደለም" ብለው ክፉኛ ተችተውታል። ትችቱ በቅርጽ ረገድ እውነት አለው፤ ለአያና ብሩ ግን ፍትሐዊ አይደለም። በብረት ዘንግና በስፕሪንግ ብቻ ከዚያ የተሻለ መንገድ አልነበረም። ደግሞም ፊደልን በቅጥያ መክፈል ማለት፣ አንድ ፊደል ለመጻፍ ከአንድ በላይ ቁልፍ መምታት ማለት ነው። ዛሬ በስልካችንና በኮምፒዩተራችን የምናደርገውም ያንኑ ነው። ሐሳቡ አልሞተም፤ ከብረት ወደ ሶፍትዌር ተሻገረ እንጂ።

መኪናው ግን አንድ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። "ፊደሉ በዛ" የሚል ድምፅ ከዚያ ወዲህ በረታ። እስከዚያ ድረስ ፊደል ይቀነስ የሚለው ሐሳብ የሊቃውንት ወይም የመምህራን ወሬ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን የቢሮ ጉዳይ ሆነ። ለመኪናው እንዲመች ፊደሉ ይታነጽ የሚሉ ሐሳቦች ተከታትለው ቀረቡ። በተቃራኒው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ባሳተሙላቸው ታላቅ የግዕዝ መዝገበ ቃላት፣ እያንዳንዱን ቃል በገዛ ፊደሉ አስቀመጡ። ለእሳቸው ሐ እና ሀ ሁለት የተለያዩ ቤተሰቦች ናቸው፤ ሐይቅም በሐመሩ ሐ እንጂ በሌላ አይጻፍም። በግዕዝ ቃሉ ዳርቻን፣ የባሕር ጠርዝን ጭምር ያመለክታል፤ አማርኛው ውሃውን ራሱን መጥሪያ አደረገው።

ሁለት ነጥብም በዚሁ ጊዜ ተጎዳ። ቁም ጸሐፊ ቃልን ከቃል የሚለየው በሁለት ነጥብ ነበር። መኪናው ትልቅ ባዶ ቦታ የሚያስገባ ቁልፍ ይዞ መጣ፣ ባዶ ቦታ በአውራ ጣት የሚመታ፣ ከሁሉ የቀለለ። ማንም ሁለት ነጥብ ይቅር ብሎ አላወጀም። አውራ ጣት ወሰነው።

በዚህ ረገድ የጃፓኖች ታሪክ ያስተምራል። የእነሱ ጽሕፈት በሺዎች የሚቆጠሩ ምልክቶች አሉት። ለጽሕፈት መኪና ፈጽሞ የማይመች ነበር፤ ፊደላችንን እንተው የሚሉም በመካከላቸው አልጠፉም። ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቀው የጽሕፈት ኮምፒዩተር ግን ነገሩን ገለበጠው። ጸሐፊው በድምፅ ያስገባል፤ ማሽኑ ወደ ትክክለኛው ምልክት ይለውጣል። ቁልፍና ፊደል የግድ አንድ ለአንድ መሆን እንደሌለባቸው ያኔ ተረጋገጠ። ከዚያ በኋላ "ፊደላችን ለማሽን አይመችም" ማለት ምክንያት መሆኑ ቀረ።

ይህ ለግዕዝም በር ከፈተ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ሶፍትዌር መሥራት ጀመሩ። ፍስሐ አጥላው ዳሸን የተባለውን አቀረቡ። በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም የሆኑት ዶክተር አበራ ሞላ ሞድኢትን ሠሩ፤ ኋላም ስለ ግዕዝ ፊደል አጻጻፍ ስልታቸው በአሜሪካ ፓተንት አውጥተዋል። አገር ቤትም ሆነ ውጭ አጋፋሪ፣ ዋሽራ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ እያሉ ስሞቹ ተከታተሉ። "ማን ቀደመ?" የሚለው ጭቅጭቅ እስከ ዛሬ አልበረደም። ጭቅጭቁ ከሥራው በላይ ጊዜ መውሰዱ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የሥራው ውርስ ክብር ብቻ ሳይሆን ችግርም ነበረበት።

ችግሩ ይህ ነው። የዚያ ዘመን ኮምፒዩተር በአንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው። ግማሹን ላቲኑ ይዞታል። የግዕዝ ፊደል አይበቃውም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ፊደሉን በላቲን ቁጥሮች ላይ አስቀመጡት፤ ሲያንሳቸውም በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፈሉት። ማያ ገጹ ላይ ሐይቅ ይታያል፣ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ግን የላቲን ምልክት ነው። እያንዳንዱም ሶፍትዌር የየራሱ አደላደል ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር የገባበት መሥሪያ ቤት ይህን ያውቀዋል፦ ፋይሉ አለ፣ ፎንቱ የለም። በብራና የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ ሲነበብ፣ የሃያ ዓመት ፋይል አልነበብ አለ።

መፍትሔው ዩኒኮድ ነበር። ከዜሮክስ ጆ ቤከር፣ ከኢትዮጵያውያን ወገን ፍስሐ አጥላው፣ ይትና ፍርድይወቅ፣ ዳንኤል ያዕቆብና ሌሎችም በየፊናቸው ደክመውበት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶችን አካተተ። ከዚያም በ2005፣ በ2010 እና በ2021 እየተጨመረ ሄደ፤ የጉራጌ ፊደላትም ገቡ። ማንም ኩባንያ የራሱ ቦታ የለውም። ሐ በዓለም ሁሉ 4624 ሆነ። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ አማርኛ መጻፊያና ናያላ የተባለ ፎንት ይዞ መጣ።

እዚህ ላይ ብዙዎች ታሪኩ ያለቀ ይመስላቸዋል። የተፈታው ግን የማስቀመጡ ጥያቄ እንጂ የማስገባቱ አይደለም።

አንድ ቁልፍ ሲነካ ምን እንደሚሆን መናገር ይገባል። ኪቦርዱ "ሐ ተመታ" ብሎ አይልክም። የሚልከው "ይህ ቁጥር ያለው ቁልፍ ወረደ"፣ ቀጥሎም "ያው ቁልፍ ተነሳ" የሚል ነው። ይህ ፕሮግራመሮች ኩነት የሚሉት ነው። ኩነቶቹ ተራ ይይዛሉ፣ ሲስተሙ አንድ በአንድ እየተቀበለ ፊት ለፊት ለተከፈተው ፕሮግራም ያደርሳል። ነገሩ በመካከለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት ከነበረው ሥርዓት ጋር ይመሳሰላል። የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት የሚል ማዕረግ ነበረው፤ ንጉሡ ዘንድ ማን መቼ እንደሚገባ የመወሰን ሥልጣን የነበረው ሰው ነው። በዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓት ዐምኃ ጽዮን ከአገሪቱ ኃያላን አንዱ ነበር። በር ላይ የቆመ ሰው ጉዳዩን የሚያቀርበው በዐቃቤ ሰዓቱ በኩል ነው፤ ዘሎ እልፍኝ የገባ ግን ሥርዓት አፍራሽ ነው።

በፕሮግራምም እንዲሁ ነው። "ቁልፍ ወረደ" የሚለው ኩነት ገና በር ላይ ነው። ቀጥሎ የኪቦርዱ አቀማመጥ ያየዋል፤ አማርኛ ከሆነ የፊደል አስገቢው ያቀናብረዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው "ፊደል መጣ" የሚል ሌላ ኩነት የሚወለደው። ላቲን ብቻ የሚጽፍ ፕሮግራመር ሁለቱ አንድ ይመስሉታል፤ በእሱ ቋንቋ አንድ ቁልፍ አንድ ፊደል ነውና። የግዕዝ ጸሐፊ ግን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ሐይቅ የሚለውን ቃል እንውሰድ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ባዘጋጁት ሴራ በተባለው ድምፅ ተከታይ ስርዓት (ስሙ በአማርኛ ሌላ ትርጉም እንዳለው ልብ ይሏል) ሐ የሚጻፈው ሺፍትን ይዞ ኤችን፣ ቀጥሎ ኢን በመምታት ነው። ከዚያ ዋይ፣ ከዚያ ኪው። ሦስት ፊደል፣ አምስት ቁልፍ፣ ሲወርዱና ሲነሱ አሥር ኩነት። በመሐል ደግሞ የማይታይ ሥራ አለ፦ ኤች ሲመታ መጀመሪያ ሕ ይታያል፤ ኢ ሲከተል ሕ ተሰርዞ ሐ ይተካል። ብዙ ፊደል አስገቢዎች ይህን የሚያደርጉት ራሳቸው የመሰረዣ ቁልፍ እንደተመታ አድርገው ነው።

ፕሮግራሙ በር ላይ ሆኖ ቁልፍ የሚቆጥር ከሆነ ጉዱ ይጀምራል። ስም ሲገባ እያየ የሚፈልግ የመዝገብ ፕሮግራም በሕ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ መሰረዣውን ያያል፣ ባዶ ይፈልጋል፣ ከዚያ ሐን ያገኛል። ቀርፋፋ ኮምፒዩተር ላይ ጸሐፊው ጨርሶ ፕሮግራሙ ገና ሕ ላይ ነው። "ከላቲን ፊደልና ከቁጥር ሌላ አትቀበል" ተብሎ የተጻፈ ሳጥን የቁልፉን ላቲን ስም ሲያይ ያሳልፋል፣ ፊደሉ ሲመጣ ይጥላል። ማስቀመጫውን አቋራጭ ከቁልፉ ሳይሆን ከፊደሉ የሚያነብ ፕሮግራም ደግሞ አማርኛ ሲበራ ኤስን ስ አድርጎ ያያታል፤ ጸሐፊው አስቀመጥኩ ይላል፣ የተቀመጠ ነገር የለም። እነዚህ ጥፋቶች የቋንቋው አይደሉም። አቋራጭን ከቁልፉ፣ ጽሑፍን ከተቀናበረው ፊደል መውሰድ ከድሮ ጀምሮ የሚታወቅ ደንብ ነው፤ መሣሪያዎቹም ሁሉ ሁለቱን ለይተው ይሰጣሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሶፍትዌር በእንግሊዝኛ ብቻ ተሞክሮ መረከቡ ግን ሰበብ ሊገኝለት የሚችል አይደለም።

አሁን ወደ ስድስቱ ሐይቆች እንመለስ። ድምፁን ተከትሎ የሚጽፍ ሰው ሃ የሚለውን ድምፅ ሰምቶ ምን ይመታል? ኤችና ኤን። የሚወጣው ሃ ነው። ሃይቅ የሚለው አጻጻፍ ለምን እንደበዛ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሺፍት አይፈልግም፣ ማሰብም አይፈልግም። ውጫሌም እንዲሁ ናት። ደብሊው ብቻ የመታ ውጫሌ ይጽፋል፣ ዩን የጨመረ ዉጫሌ። አምባሰልን በአ፣ በኣ፣ በዐ፣ በዓ፣ ከዚያም በሰ ወይም በሠ ብንጽፈው ስምንት ዓይነት ይሆናል። ኃይለ ሥላሴ የሚለው ስም በስድስት "ሀ"ዎች፣ በሁለት "ስ"ዎች፣ በሁለት "ሴ"ዎች፣ ተነጣጥሎ ወይም ተያይዞ ሲጻፍ 48 መልክ አለው። አንድ ሰው በመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ አንዱን፣ በፍርድ ቤት መዝገብ ሌላውን፣ በፋይዳ መታወቂያው ሦስተኛውን ይዞ መገኘቱ በአጋጣሚ አይደለም። እያንዳንዱን የጻፈው የተለያየ ጣት ነው።

"እንግዲያው ትርፎቹ ይውጡና እንገላገል" የሚል ይኖራል። ለማሽን ሲባል ይህ ከተባለ ምክንያቱ ከ1978 ጀምሮ ፈርሷል። ለሰው ሲባል ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር መመለስ አለበት። ድኅነት መዳን ነው፣ ድህነት ማጣት። ዓመተ ምሕረት የምሕረት ዘመን ነው፣ አመተ ማርያም የማርያም አገልጋይ። ሠረቀ ወጣ፣ በራ ነው፣ ሰረቀ ሌላ ነው። በዕለት አማርኛ ዐውዱ ይለያቸዋል፣ እውነት ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ግምጃ ቤት ያሉትን መጻሕፍት ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ ሰው ግን አንዲት ሐ ሲለውጥ የምንጩን ቃል ለወጠ። ፊደሉን የሚቀንስ ሁሉ ለዚያ ሰው ምን እንደሚለው አስቀድሞ ያስብ።

ሁለቱን ማስታረቅ የሚችል መንገድ አለ፣ ቴክኒካዊነቱም ከባድ አይደለም። የተጻፈው እንደተጻፈ ይቀመጥ። ሲፈለግ ግን ፕሮግራሙ ከጀርባ ሀ፣ ሐ፣ ኀንና ሃ፣ ሓ፣ ኃን እንደ አንድ፣ ሰንና ሠን እንደ አንድ፣ አንና ዐን እንደ አንድ፣ ጸንና ፀን እንደ አንድ፣ ውንና ዉን እንደ አንድ ቆጥሮ ያመሳክር። ይህ በጣት የሚቆጠሩ መስመሮች ያሉት የመመሳሰያ ሠንጠረዥ ነው፤ እንግሊዝኛ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ሲፈልግ የሚያደርገውም ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ተጽፎ በየመዝገቡ ሊገባ ይችላል።

እስካሁን ግን ሶፍትዌር የሚያሠራ መሥሪያ ቤት በጨረታ ሰነዱ ላይ ይህን የመጠየቅ ልማድ የለውም። የሚጠየቀው "አማርኛ ይደግፋል ወይ?" ነው። ይደግፋል የሚለው መልስ ደግሞ አማርኛ በማያ ገጹ ላይ ታየ ከማለት ሌላ ምንም አይናገርም፤ በ1980ዎቹ የነበሩት ፎንቶችም ያን ያደርጉ ነበር። መጠየቅ የሚገባው ሦስት ነገር ነው፦ ሐይቅ ተብሎ ሲገባ በመሐል ያለው ሕ የትም ሳይመዘገብ ያልፋል ወይ? አማርኛ ኪቦርድ በርቶ የማስቀመጫው አቋራጭ ይሠራል ወይ? ሃይቅ ተብሎ የተፈለገ ሰው ሐይቅ ተብሎ ከተመዘገበበት ይገኛል ወይ? ሦስቱንም ለመሞከር አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ጸሐፊና አምስት ደቂቃ ይበቃሉ።